የማሞቂያው ካቦ የተቀየረ ዕለት

ብሎን የሞተሩን ድምፅ የለየችው መኪናዋን ከማየቷ በፊት ነው። እሁድ ጠዋት ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ጋራዦች ሁሉ እንደተዘጉ ናቸው። እሷ ብቻ በሯን ከፍታ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ዘይት በሰጋቱራ ታደርቃለች። ድምፁ ከመታጠፊያው ዞሮ ሲመጣ መጥረጊያው እጇ ላይ ቆመ። እንዲህ እያጉረመረመ በየመሀሉ ትን የሚለው ሞተር በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቷ መኪና።

ብሎን እውነተኛ ስሟ አይደለም። ያወጣላት አባቷ ነው። በሦስት ዓመቷ ከመፍቻ ሳጥኑ አንዲት ትንሽ ብሎን አንስታ ውጣ፣ ቤተሰቡን ሁለት ቀን ሙሉ ፖፖ አስጠብቃለች። ብሎኗ በሰላም ወጣች፤ ስሙ ግን ቀረ። የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው አባቷ ከመንገድ ሲመለስ የራሱን መኪና ኮፈን ከፍቶ «ብሎን፣ መብራት ያዢልኝ!» ይላት ነበር። መብራት ከመያዝ መፍቻ ወደ ማቀበል፣ ከማቀበል ወደ መፍታት አለፈች። መካኒክ የሆነችው እንዲህ ነው።

ሰማያዊዋ መኪና በሩ ላይ ቆመች። ክብ መብራቶቿ እንዳሉ ናቸው፤ ከብሎንም ከወንድሟም በዕድሜ ትበልጣለች። ከውስጧ ወንድሟ ወረደ። የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ ብሎንን በአሥር ዓመት ይበልጣታል፤ እሁድ እንኳ ከረባቱን አይፈታም። ከተያዩ ከአራት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

«እንደምን አደርሽ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ልርዳዎት?»

«አንቱ ትይኛለሽ?»

«ደንበኛ አንቱ ይባላል።»

«እኔ ደንበኛሽ ነኝ?»

«ካልሆኑማ መንገዱ ያው» አለችና በመጥረጊያው እጀታ ወደ ውጭ ጠቆመችው።

የወንድሟ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ታየ። ተማሪ ሲያስቀይመው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ግን ዋጥ አደረገው። «ማሞቂያው ተበላሽቷል» አለ። «ማንሻው ይንቀሳቀሳል፣ ሙቀት ግን አይመጣም። እማዬ ሳንባዋን ታማለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ተራራውን አቋርጬ ሆስፒታል አደርሳታለሁ። ሐኪሙ ብርድ እንዳይነካት ብሏል። ባለፈው ሳምንት በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልያት እንኳ ከንፈሯ ጠቁሮ ነው የደረሰችው።»

ብሎን እናቷ መታመሟን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ፊቷ ላይ ምንም እንዳይታይ ጎንበስ ብላ ሰጋቱራውን መጥረግ ቀጠለች።

«ሌላ ጋራዥ የለም?»

«ሦስት ቦታ ወስጃታለሁ። አንደኛው ዳሽቦርዱ በሙሉ ካልወረደ አለኝ። ሌላው መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፣ አይሠራም አለ። ሦስተኛው ሠራሁ ብሎ ሰጠኝ፤ አልሠራም። እዚህ የመጣሁት ሌላ ስላጣሁ ነው።»

«ይገባኛል። መቃብር ቆፋሪ ጋም ሰው ወዶ አይሄድም።»

እንዲህ የመረራት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት ሩቅ አገር፣ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ግሬደርና ሮለር ስትጠግን ነበር። ከቤት የወጣችው ከአባቷ ጋር ተጣልታ ነው፤ ጋራዥ ልክፈት ስትለው «የሰው ማሽን ጠግነሽ ሳትበስይ የራስሽን አትከፍቺም» ብሏት፣ እሷም በእልህ ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። አንድ ቀን ምሳ ለመውሰድ ሳህኗን ይዛ ተሰልፋ ሳለ፣ ሲሚንቶ ያመጣ የከተማቸው ሰው ትከሻዋን ነካ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። «ለምኑ?» አለችው። ሰውየው ደነገጠ። አባቷ ከተቀበረ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ቤት ስትደውል ስልኩን ያነሳው ወንድሟ ነው። «አሁን ምን ያደርግልሻል?» አለና ዘጋባት። ከዚያ ወዲህ እናቷም አልደወለችላት፣ እሷም አልደወለች። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ከተማው ተመልሳ ጋራዥ ስትከፍት እንኳ ሆን ብላ ከቤታቸው ተቃራኒ ጫፍ ላይ ነው የከፈተችው። ወንድሟን ብቻ አይደለም፤ እናቷንም አብራ ተቀይማለች።

«ያስገቡልኝ» አለችው መኪናዋን።

ከሾፌሩ ወንበር ፊት በጀርባዋ ተንጋልላ ጭንቅላቷን ዳሽቦርዱ ሥር ከተተች። መብራቱን ስታበራ ከማንሻው ጋር የታሰረውን ነገር አየችና ሳትፈልግ ሳቀች።

«ምን ያስቃል?» አለ ወንድሟ ከላይ።

«የብስክሌት ፍሬን ካቦ ነው የገጠመልዎት። ይሄ የተገመደ ለስላሳ ሽቦ ነው፤ ይስባል እንጂ አይገፋም። ሲገፉት እንደ ክር ይጣጠፋል። እዚህ ቦታ የሚገባው አንድ ወጥ ጠንካራ ሽቦ ነው፤ ሲስቡትም ሲገፉትም እሺ የሚል።»

«ታዲያ ሰውየው እርግጠኛ ሆኖ ነው የነገረኝ።»

«ከረባት ያደረገ ሰው ሲያይ ሁሉም እርግጠኛ ይሆናል።»

ከሥሩ ወጥታ ኮፈኑን ከፈተች። ካቦው ከማንሻው ተነስቶ በሞተሩና በተሳፋሪው መሀል ያለውን ወፍራም ቆርቆሮ በቀዳዳ አልፎ፣ የሞቀውን ውሃ ወደ ማሞቂያው የምትለቅ ትንሽ ቧንቧ ላይ ይታሰራል። ማንሻው ወደ ቀኝ ሲገፋ ቧንቧዋ ትከፈታለች፣ ወደ ግራ ሲገፋ ትዘጋለች፤ በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ብሎን የቧንቧዋን እጀታ በጣቷ ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። ዝገት አፏን ዘግቷታል።

«የድሮውን ካቦ የበጠሰው ይሄ ነው። ቧንቧዋ ደርቃ እምቢ ስትል ማንሻውን በጉልበት የገፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እናቴ እየተንቀጠቀጠች ምን ላድርግ?»

«መኪና እንደ ተማሪ ሲቆጡት እሺ አይልም። ይህን ሳያስለቅቁ አሥር ካቦ ቢቀይሩ አሥሩም ይበጠሳል።»

ብሎን ቧንቧዋ ላይ የዝገት ዘይት አንጠባጠበች፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጋ ዙሪያዋን መታ መታ አደረገቻት፣ በፒንሳ ይዛ ወዲህና ወዲያ አሟሸቻት። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። በመጨረሻ እጀታው ጭርር ብሎ ዞረ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ጥቅል ወጥ የሆነ ሽቦ ቆርጣ፣ ከአንድ የተጣለ ሚኒባስ ባወጣችው ሽፋን ውስጥ ቅባት እየቀባች አሳለፈችው። ጫፉን በፒንሳ ጠምዝዛ እንደ መርፌ ዓይን አበጀችለት።

ዳሽቦርዱን ግን አላወረደችውም። የዕቃ ማስቀመጫውን መሳቢያ ብቻ ሁለት ብሎን ፈትታ አወጣችው። እጅ የሚያስገባ ክፍተት ከጀርባው ታየ።

«ይኸው ነው?» አለ ወንድሟ። «ሦስት መካኒክ ያላወቀውን?»

«አባቴ ያውቀው ነበር። አሁን ኮትዎን ያውልቁና ይግቡ። ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እርስዎ ከውስጥ ማንሻውን ይይዛሉ፤ እኔ ከሞተሩ በኩል አስራለሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ኮቱን አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረ፣ ከረባቱን በሸሚዙ ቁልፎች መሀል ከተተ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። አሁን በመሀከላቸው ቆርቆሮው አለ። አይተያዩም፤ ካቦው በሚያልፍበት ቀዳዳ በኩል ግን ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል።

«እየላክሁት ነው፤ ይቀበሉኝ።»

«የቱ ነው? ... እህ! ቀስ በይ እንጂ! ጣቴን ወጋሽው።»

«ይቅርታ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበይኝ።»

«ማንሻው ላይ ባለችው ትንሽ ሚስማር መሳይ ብረት ላይ ዓይኑን ያጥልቁት። አባቴ ቢኖር ይህን ያህል አይፈጅበትም ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቧንቧዋን ዘይት ያጠጣት ነበር። እጅዎ ከገባች ጊዜ ጀምሮ አንድ ጠብታ አላየችም።»

«አባትሽን አታንሺ።»

«ለምን አላነሳም?»

«ለማንሳት ቀብሩ ላይ መገኘት ነበረብሽ።»

ብሎን ፒንሳዋን ሞተሩ ላይ አስቀመጠች። «ማንም ያልነገረኝ ቀብር ላይ?»

«ስምንት ወር አገላበጥሁት!» የወንድሟ ድምፅ በቀዳዳው ውስጥ ወፍሮ መጣ። «ስምንት ወር! አጠብሁት፣ አጎረስሁት፣ ሽንቱን ደፋሁ። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ማታ ከትምህርት ቤት በኋላ። አንቺ የት ነበርሽ? መታመሙን እያወቅሽ በወር አንዴ ደውለሽ ‘ሰላም ናችሁ’ ትያለሽ። እማዬ ስንት ቀን እንዳለቀሰች ታውቂያለሽ? ‘ልጄ ለአባቷ ቀብር እንኳ አልመጣም አለች’ እያለች፣ ጎረቤት ፊት አንገቷን ደፍታ...»

እዚህ ላይ ቆመ። ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማው።

«ምን አለች?» አለች ብሎን።

ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለች።

«አልመጣም አለች? እኔ? ለማን ነው አልመጣም ያልሁት? ማነው እንዲህ ብሎ የነገራት?»

ከቀዳዳው ውስጥ የሚሰማው ማንሻው በጣቱ ሥር ቀጭ ቀጭ ሲል ብቻ ነበር። ብሎን በሁለት እጇ የመኪናዋን ጠርዝ ያዘች። አራት ዓመት ሙሉ እናቷ ከወንድሟ ጋር መክራ የደበቀቻት ይመስላት ነበር። አሁን ሌላ ነገር ታያት፤ እናቷ በሩን እያየች ስትጠብቅ፣ ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ‘ነግሬያት ነበር’ ሲል።

«መልስልኝ! አንተን ነው!»

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ አልለሰለሰም፤ እንዲያውም ጠነከረ። «እኔ ነኝ የነገርኋት። ደወልሁላት፣ አልመጣም አለች አልሁ። ምን ታደርጊኛለሽ? በመጨረሻው ሳምንት እንኳ እያጎረስሁት ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ‘ብሎን መጣች?’ ይለኛል። ‘አባዬ፣ እኔ ነኝ’ ስለው ‘አንተማ አለህ’ ይላል። አንተማ አለህ! እንደ ወንበር! እንደ ግድግዳ! ሲሞትም በዚያው ነው የሞተው። እንግዲያውስ አትምጣ አልሁ። ለስምንት ወር ድካሜ አንድ ቀን፣ የቀብሩን ቀን እንኳ፣ ለብቻዬ ልጁ ልሁን አልሁ።»

ብሎን ፒንሳዋን አነሳችው። ትወረውረው ይሆን፣ በኮፈኑ ዞራ ሄዳ ከነከረባቱ ጎትታ ታወጣው ይሆን፣ ራሷም አላወቀችም። አባቷ ‘ብሎን መጣች?’ ማለቱን አሁን መስማቷ ነው። በጥል ተለያይተናል፣ ቂሙን ይዞ ሄደ ብላ ነበር የምታስበው። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ዘይቱ ግንባሯ ላይ ቀረ።

«ማንሻውን ወደ ግራ ግፋ» አለች።

«ምን?»

«ወደ ግራ! እስከ መጨረሻው ግፋና ያዘው። እናቴ ረቡዕ ትሄዳለች።»

ገፋ። እሷ ቧንቧዋን ዘጋች፣ የካቦውን ዓይን እጀታው ላይ አጠለቀች፣ ሽፋኑን በትንሿ ማሰሪያ አጥብቃ ብሎኑን አዞረችው። «ወደ ቀኝ» አለች፤ ቧንቧዋ ተከፈተች። «ወደ ግራ»፤ ተዘጋች። ሞተሩን አስነስታ ውሃው እስኪሞቅ ቆማ ጠበቀች። እጇን ንፋሱ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አደረገች፤ ሙቀቱ መጣ። ስትዘጋው ቆመ። መሳቢያውን መልሳ በሁለቱ ብሎኖች አሰረች፣ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ግባ» አለችው።

«ወዴት?»

«ቤት። ለእማዬ አንተው ራስህ ትነግራታለህ።»

«ከመኪናዬ ውረጂ።»

«ካልፈለግህ በእግርህ ና። እኔ መድረሴ አይቀርም። ከኔ አፍ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ለራስህ ይሻልሃል።»

ኮቱን በእጁ እንደያዘ ገባ። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ «ሳንባዋ ደካማ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ይገድላታል» አለ። ብሎን ማርሹን ቀየረች። «አራት ዓመት ሙሉ ያበላሃት ምን መሰለህ?» አለችው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቀስ ብለን፣ አንድ ቀን አመቻችተን ብንነግራት» አለ። እሷ መንገዱን ነበር የምታየው።

እናታቸው መስኮቱ ሥር ጀርባዋን በሁለት ትራስ ደግፋ ተቀምጣ ሹራብ ትተረትር ነበር። ያረጀ ሹራብ ተርትራ ክሩን እንደገና ታጠነጥነዋለች። በሩ ሲከፈት ቀና አለች፤ ልጇን አየች። ከስታለች፤ ብሎን ከምታስታውሳት በግማሽ አንሳለች። እጇ ግን ማጠንጠኑን አላቆመም።

«ማን ሞተ ብለሽ መጣሽ?» አለቻት። «አባትሽ ሲሞት ያልመጣሽ፣ እኔ እስክሞት እንኳ አትጠብቂም?»

ብሎን ከንፈሯን ነከሰች፣ ወደ ወንድሟ ዞረች። ርዕሰ መምህሩ በየጠዋቱ ሺህ ተማሪ ፊት የሚናገር ሰው ነው። አሁን ግን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ የደብዳቤ ቃል የሚያነብ ይመስል፣ «እማዬ፣ ያን ጊዜ ለእሷ አልደወልሁላትም» አለ። «አልመጣም አለች ያልሁሽ ውሸት ነው። አልነገርኋትም።»

የእናታቸው ትንፋሽ አፏጨ። የክሩ ኳስ ከጭኗ ላይ ወርዶ ወለሉን ተንከባለለ፤ ማንም አላነሳውም።

«ጎረቤት ተሰብስቦ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ ልጄን ስረግማት አጠገቤ ነበርህ። ‘ተዪ እማዬ፣ አትርገሚያት’ እያልህ ጀርባዬን ትደባብሰኝ ነበር።»

«እማ...»

«ሰው ሁሉ ‘የተባረከ ልጅ’ ሲልህ ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ። ከፊቴ ዞር በል።»

«እማዬ፣ አድምጪኝ...»

«ዞር በል አልሁህ!» ጩኸቷ ሳል ሆነባት። ብሎን ውሃ ልታቀብላት ስትሮጥ እሱም እኩል እጁን ወደ ብርጭቆው ዘረጋ፤ እናታቸው በእጇ ጀርባ እጁን መታችው። የመኪናውን ሁለተኛ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። የውጭው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ብሎን ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ልታቅፍ ጎንበስ አለች። እናቷ ትከሻዋን ገፍታ አቆመቻት።

«አንቺስ?» አለቻት። «የአባትሽን ሞት እኔ እደብቅሻለሁ ብለሽ አመንሽ? እኔ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከምሁሽ? ሁለት ዓመት በአንድ ከተማ እየኖርን አንድ ቀን መጥተሽ ‘ለምን?’ ብለሽ በሬን አላንኳኳሽም።»

«አንቺስ እማ? ለአባቴ ቀብር አልመጣም ትላለች ብለሽ አላመንሽም?»

እናቷ መስኮቱን አየች። «አመንሁ» አለች።

ብሎን የክሩን ኳስ ከሶፋው ሥር አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። እስከ ምሳ ድረስ አንዷ እየተረተረች፣ አንዷ እያየች ተቀመጡ።

ረቡዕ ሆስፒታል የወሰደቻት ብሎን ናት። እናቷ የኋላ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው፤ መንገዱን ሙሉ «ቀስ በይ» እና «ደረስን?» ከማለት በቀር አልተነፈሰችም። በሚቀጥለውም ረቡዕ እንደዚያው። በሦስተኛው ግን ሲመለሱ እናቷ ድንገት ቱግ ብላ ተቆጣች፤ ለምን እንደከሳች፣ ለምን ያን ሁሉ ዓመት በግሬደር መሀል እንዳባከነች፣ ለምን ያባቷን ጠባይ ይዛ ሁሉን ነገር በእልህ እንደምታደርግ ጠየቀቻት። ብሎንም መለሰች፤ ተራራውን እስኪወርዱ ተጨቃጨቁ። ሆኖም እንደ እናትና ልጅ ነበር የተጨቃጨቁት።

ወንድሟ ያው ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። እናቱ ከእጁ ምግብ መቀበል የጀመረችው ከሁለት ወር በኋላ መሆኑን ጎረቤት ለብሎን ነግሯታል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በእግሩ ወደ ጋራዡ መጣ። እሷ አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝታ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ።

«ሰምቻለሁ» አለችው ከሥር።

አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ፣ ተመለሰ። ብሎን ከሥሩ አልወጣችም። መፍቻዋን ይዛ ሥራዋን ቀጠለች፤ ወደ በሩ ዞር ብላ ስታይ ማንም አልነበረም።